ክንዴ ላይ ያለው በለዝ ባሌን ለሐሜት ዳረገው

«ሰላም ለእርስዎ። የ32 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት የ5 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። የምንኖረው ኮዬ ፈቼ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ።

ከሁለት ወር በፊት ማንም ሳይነካኝ ክንዴና ጭኔ ይበልዝ ጀመር። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። የወር አበባዬ 11 ቀን ቆየ። ስመረመር ‹ደም የሚያረጋው ፕላትሌትሽ 9 ሺህ ነው› ተባልኩና ሆስፒታል አራት ቀን ተኛሁ። በሽታው አይቲፒ እንደሚባልና ፕላትሌቴን የሚያጠፋው የራሴ ሰውነት እንደሆነ ነገሩኝ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን በቀን 12 ፍሬ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ባለፈው ሳምንት 41 ሺህ ደርሶ ነበር። ትናንት 36 ሆነ። በየሁለት ቀኑ ሰፈር ካለ ላብራቶሪ እመረመራለሁ።

ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። የስልኬን ባትሪ አብርቼ እግሬ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እቆጥራለሁ። በትንሽ በትልቁ ልጄ ላይ እጮሃለሁ። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ መድኃኒቱን ተዪና ጠበል ግቢ ትለኛለች። አክስቴ ዋግምት ተደረጊ ትላለች። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ጎረቤቶቼ ባለቤቴ የሚደበድበኝ መስሏቸዋል። ወሬው እሱም ጆሮ ደርሷል። አሁን እጄን እንኳ መያዝ ፈርቷል። ሐሙስ ጥቁር አንበሳ ቀጠሮ አለኝ። ልሞት ነው? እንዴት ልኑር?»

መ. ከኮዬ ፈቼ

ውድ እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። አይቲፒ ይዟቸው የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ሠርተው፣ ወልደው፣ ልጅ ድረው ያረጃሉ። ካንሰር አይደለም። አይተላለፍም። ልጅሽን ብታቅፊያት፣ ከአንድ ትሪ ብትበሉ ምንም አይነካትም። ሁሉም ሰው የሚፈራው ጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ አለ፤ አልደብቅሽም። በአዋቂ ታማሚዎች ላይ የሚደርሰው ግን ከመቶ ሰው አንድ ገደማ ላይ ነው። በብዛትም ፕላትሌቱ በጣም ወርዶ ባለበት ጊዜ ነው። አንቺ ከ9 ሺህ ተነስተሽ 36 ሺህ ላይ ነሽ። መድኃኒቱ እየሠራልሽ ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ታናሽ እህቴ ግን ይኸው በሽታ ከያዛት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የመጀመሪያውን ዓመት ቡራዩ እሷ ቤት እየተመላለስኩ፣ ቀጠሮዋም ላይ አብሬያት እየገባሁ ነው ያሳለፍኩት። የምነግርሽ ያኔ ያየሁትንና ከሐኪሞቿ የተማርኩትን ነው።

ጎረቤቶችሽ ላይ አትፍረጂ። ክንዷ የበለዘ ሴት አይተው ምንም ባይመስላቸው ነበር የሚያሳዝነኝ። ግን እውነቱን ማወቅ አለባቸው፤ መንገር ያለብሽም አንቺ ነሽ። ባለቤትሽ «አልመታኋትም» ባለ ቁጥር ጥርጣሬው ይብሳል እንጂ አይቀንስም። አልጻፍሽልኝም እንጂ በዚህ ፀሐይ ረጅም እጅጌ እየለበስሽ ይመስለኛል። እህቴም እንደዚያው ነበረች። በተሸፋፈነች ቁጥር ሰው የባሰውን ያስብ ነበር።

አንድ እሁድ ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ተፈላ። ቶናው ሲቀዳ እህቴ የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበችና ክንዷን ረከቦቱ አጠገብ ዘረጋችው። አንዱ በለዝ ወይን ጠጅ ነው፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ወደ ቢጫ እየሄደ ነው። «ማንም አልመታኝም። ደም የሚያረጋው ነገር አንሶኝ ነው። መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ድንገት ነስሮኝ አልቆም ካለ የምጮኸው ለእናንተ ነው» አለቻቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ሴት በለዙን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ «ያማል?» አለቻት። «ብዙም አያምም» አለች እህቴ። እስከዛሬ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክማ የምታወጣላት ያቺው ሴት ናት።

አንቺም ለሁሉም ዞረሽ መናገር አያስፈልግሽም። የምታምኛቸውን ሁለት ሴቶች ጥሪ። እነሱ ያዳርሱልሻል።

ባለቤትሽን ደግሞ አስቀምጠሽ አነጋግሪው። እጅ በመያዝ፣ በመታቀፍ፣ ትከሻ ላይ በመደገፍ የሚመጣ ችግር የለም። መከልከል ያለብሽ ኃይለኛ መታሸት ነው። ወጌሻ ዘንድ እንዳትሄጂ። እሱ የፈራው በጣቱ ምልክት እንዳይተውብሽ ነው መሰለኝ፤ ወሬውን ከሰማ በኋላ ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ሆኗል። አንቺ ቀድመሽ እጁን ያዢው።

አሁን ስለ እንቅልፍሽና ስለ ጩኸትሽ። ይህን የነገረሽ ሰው ያለ አልመሰለኝም፤ ስለዚህ ረጋ ብለሽ አንብቢው። ባለ 5 ሚሊግራሙ ክኒን ከሆነ 12 ፍሬ ማለት በቀን 60 ሚሊግራም ስቴሮይድ (ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተውን ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት) ነው። ብዙ ነው። ለበሽታው የሚሰጥ መጠን ነውና አትደንግጪ። ነገር ግን ይህ መድኃኒት እንቅልፍ ይነሳል። ያነጫንጫል፣ ያስለቅሳል፣ ሆድ ያስብሳል። ልጅሽ ላይ ከጮኸው ግማሹ መድኃኒቱ ነው። መጥፎ እናት አልሆንሽም። ለልጅሽም በሚገባት ቋንቋ ንገሪያት፤ «እማዬ የምትውጠው ክኒን ያናድዳታል፣ አንቺ አጥፍተሽ አይደለም» በያት። አምስት ዓመት ልጅ ይገባታል።

ሐኪምሽ ሌላ ካላዘዘ በስተቀር ክኒኑ ጠዋት፣ ምግብ ከቀመስሽ በኋላ ቢወሰድ ለእንቅልፍም ለጨጓራም ይሻላል። ከፋፍለሽ ማታም የምትውጪ ከሆነ ሐሙስ ጠይቂ። ጨው ቀንሺ። ስኳርሽና የደም ግፊትሽ ይታይ፤ ሁለቱንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በሽታ የመከላከል አቅምን ስለሚቀንስ ትኩሳት ወይም የሰነበተ ሳል ካለሽ ቶሎ ተናገሪ። ፊትሽም ሊያብጥ ይችላል። «ተመቸሽ፣ ወፈርሽ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ክኒኑ ሲቀነስ እብጠቱም ይቀንሳል።

በራስሽ ጊዜ ግን እንዳታቆሚው። ስቴሮይድ ከውጭ ሲገባ ሰውነታችን የራሱን ማምረት ይተዋል። በድንገት ሲቋረጥ ባዶውን ይቀራል፤ ሰው ራሱን ስቶ እስከመውደቅ ይደርሳል። በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው የሚወርደው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው አንቺን የማየው፤ በባትሪ ብርሃን እግርሽን ዘርግተሽ ስትቆጥሪ። እህቴ አንድ ሌሊት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቀሰቀሰችኝ። የሻይ ብርጭቆ ይዛ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጭናለች። «እይ፣ አይጠፉም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ተራ ሽፍታ በብርጭቆ ሲጫኑት ይደበዝዛል። እነዚህ ግን ከመስታወቱ ሥር ቀይ እንደሆኑ ቀሩ፤ እንደ መርፌ ጫፍ፣ አንድ በአንድ። ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ስለሆነ አይጠፋም። «ትናንት 43 ነበሩ፣ ዛሬ 51 ናቸው» አለችኝና አለቀሰች።

በማግስቱ ሐኪሟ የተናገረው ነገር እሷንም እኔንም አሳረፈን። እሱ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ አልነበረም። ትደሚያለሽ ወይስ አትደሚም? ከየት? ምን ያህል? ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ፕላትሌት አለው። ደም ለማርጋት ግን ያን ሁሉ ሰውነታችን አይፈልገውም። ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ የማይደማ ወይም ትንሽ ብቻ የሚደማ አዋቂ ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት በክትትል ብቻ ይቆያል። የሕክምናው ግብ 150 ሺህ መድረስ አይደለም። ከሚያሰጋ ደም መፍሰስ መጠበቅ ነው።

ከ41 ወደ 36 መሆኑም ውድቀት አይደለም። ማሽን ከማሽን ይለያል። ደሙ ቱቦው ውስጥ ሲቆይ ፕላትሌቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ማሽኑ አሳንሶ የሚቆጥርበት ጊዜም አለ። ለዚህ ነው ሐኪሞች በማይክሮስኮፕም ይታይ የሚሉት። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ክንድሽን መወጋት ይብቃሽ። ገንዘቡም ያንገበግባል፣ የተወጋሽበትም ይበልዛል። በስንት ቀን እንደምትመረመሪ ሐኪሙ ይወስን፤ የሚቻል ከሆነ ሁልጊዜ አንድ ላብራቶሪ ይሁን።

የሌሊቱን ቆጠራ በዚህ ቀይሪው። ጠዋት ፊትሽን ስትታጠቢ በቀን ብርሃን አንድ ጊዜ ብቻ እዪ። አፍሽን ከፍተሽ ድድሽንና ጉንጭሽን ከውስጥ፣ ከዚያ እግርሽን። አንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የዋጥሽውን መጠን፣ የደማሽ ካለ ከየት እንደሆነ ጻፊ። ዝጊው። እስከ ነገ ጠዋት አትክፈቺው።

ምን አድርጌ መጣብኝ እያልሽም ይሆናል። ምንም አላደረግሽም። እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ ዊልያም ሃሪንግተን የሚባል ወጣት ሐኪም የዚህን በሽታ ምክንያት ለማወቅ የአንዲት ታማሚ ግማሽ ሊትር ደም በራሱ ደም ሥር አስገባ። ጤነኛ ነበር። በሰዓታት ውስጥ ፕላትሌቱ ወደ ምንም ወረደ፣ አንቀጠቀጠው፣ ገላው በነጠብጣብና በበለዝ ተሞላ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተሻለው። ፕላትሌት የሚያጠፋው ነገር በደም ውስጥ እንዳለ በዚያ ታወቀ። ዛሬ ምንነቱ ተለይቷል። በሽታን ሊከላከል የተሠራው የሰውነት ኃይል በስህተት የራሱን ፕላትሌት ጠላት ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ ጣፊያ ደግሞ ምልክት ያለበትን እየለቀመ ያጠፋዋል። ከበላሽው፣ ከጠጣሽው፣ ከሠራሽው የመጣ አይደለም።

እናትሽ ቀይ ስርና ጉበት እያቀረበችልሽ ከሆነ ብዪ፤ ፕላትሌት ግን አይጨምርም። ሰው «ደም ማነስ» ሲባል ሁሉም አንድ ይመስለዋል። ደም ማነስ የቀዩ ደም ሴል ጉዳይ ነው፤ ያንቺ የፕላትሌት ነው። ነገር ግን የወር አበባሽ 11 ቀን ስለቆየ ደም ማነሱም ተጨምሮብሽ ሊሆን ይችላል። ሐሙስ «የብረት ክኒን ያስፈልገኛል ወይ?» በይ። ለሚበዛው የወር አበባም መድኃኒት አለው፤ ሴት ነኝና እችለዋለሁ ብለሽ ዝም አትበይ።

ጠበሉን በተመለከተ እናትሽን አታስከፊያት። ከእምነትሽ ጋር የሚጣላ ሕክምና የለሽም። ጠበል ጠጪ፣ ተጠመቂ፣ ክኒኑን ዋጪ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት በነበሩ ጊዜ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲይዙ በአደባባይ መክረዋል። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግፊያና መውደቅ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሂጂ፣ ባለቤትሽ ወይ እናትሽ አጠገብሽ ይሁኑ። ጾም ሲመጣ ክኒኑ በባዶ ሆድ እንዳይሆን የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ለታመመ ሰው መፍቀድ ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም። እናትሽንም አንድ ቀን ሐኪሙ ፊት ውሰጃት። እኔ ወይም አንቺ ከምንነግራት ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አንዴ ቢነግራት ይሻላል።

ዋግምት ግን አይሆንም። በፍጹም። ቆዳ በምላጭ ተበጥቶ በቀንድ ደም ይመጠጣል፤ አንቺ ደግሞ ደም የሚያቆመው ነገር ነው ያነሰሽ። ለአክስትሽ «ሐኪም ከለከለኝ» በያትና ጨርሺው።

ከዋግምት እኩል የምፈራልሽ የሰፈር ፋርማሲን ነው። ራስ ምታት ወይም ወገብ ሲያምሽ ገብተሽ «ማስታገሻ» ትያለሽ። ዳይክሎፌናክ ይሰጡሻል፣ ወይም አይቡፕሮፌን፣ ወይም አስፕሪን። እነዚህ ያሉሽን ጥቂት ፕላትሌቶች ሥራ ያስፈታሉ። የዳይክሎፌናክ መርፌ ደግሞ ይብሳል፤ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ራሱ ከውስጥ ሊያደማ ይችላል። ለሕመም ፓራሲታሞል በቂ ነው። አንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ «አይቲፒ አለብኝ፣ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና የጡንቻ መርፌ አይሰጠኝ» ብለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። ጥርስ ከመነቀልሽ በፊትም አሳዪያቸው።

ስፌትሽን ቀጥዪ። መርፌ ከወጋሽ ንጹህ ጨርቅ ጭነሽ አሥር ደቂቃ ሳትገልጪ ያዢ። የጥርስ ብሩሽሽ ለስላሳ ይሁን።

ኮዬ ፈቼ ላይ ሌሊት መኪና ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ከብሎኩ መኪና ያለው ማነው? ስልኩ ባንቺም በባለቤትሽም ስልክ ላይ ይኑር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከእናንተ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይቀርባል፤ ክትትልሽ ጥቁር አንበሳ ቢሆንም አጣዳፊ ሲሆን ቅርብ ወዳለው ሂጂ። የምትሄጂበትን ምልክት ደግሞ ባለቤትሽ በቃሉ ይያዘው። ከዚህ በፊት አይተሽው የማታውቂው ኃይለኛ ራስ ምታት፣ በተለይ ማስመለስ ወይም የዓይን መደብዘዝ ካለው። ምላስ መተሳሰር፣ በአንድ በኩል መዛል። ጭንቅላትሽን ከተመታሽ፣ ደህና ነኝ ብትዪም እንኳ። ሃያ ደቂቃ ተይዞ የማይቆም ነስር። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ወይም ትውከት። በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር የወር አበባ። አፍ ውስጥ ደም የቋጠረ እብጠት ካየሽ ደግሞ በዚያው ቀን ለሐኪምሽ አሳዪ። አዲስ በለዝ ወይም እግር ላይ ጥቂት ነጠብጣብ ግን ሌሊት የሚያስሮጥ አይደለም፤ ደብተሩ ላይ ይጻፍ።

ሐሙስ የምትጠይቂያቸውን አሁን ደብተሩ ላይ አስፍሪ። ክኒኑ መቼ መቀነስ ይጀምራል? ስቴሮይድ በዚህ መጠን ለወራት የሚቀጥል መድኃኒት አይደለም፤ ሲቀነስ ፕላትሌቱ ከወረደ ቀጣዩ እቅድ ምንድነው? ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፣ ጣፊያ ማውጣትም አለ፤ ዛሬ መምረጥ የለብሽም፣ መኖራቸውን ግን እወቂ። የኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስና የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ተደርጎልኛል ወይ? አንዳንዴ ከጀርባ ሆነው ፕላትሌት የሚያወርዱት እነሱ ናቸው። ሁለተኛ ልጅ የምታስቡ ከሆነም አሁን ተናገሪ፤ አይቲፒ ያለባቸው ሴቶች ይወልዳሉ፣ ግን ክትትሉ ቀድሞ ይጀመራል። ድካሙንም አትርሺ። ስንፍና አይደለም፤ ብዙ ታማሚዎች ከበለዙ በላይ የሚያማርሩት ድካሙን ነው።

ብቻሽን አትሂጂ። ባለቤትሽ ሥራ ቦታ ያስፈቅድና አብሮሽ ይግባ፤ የሐኪሙን ቃል በራሱ ጆሮ ይስማ። የላብራቶሪውን ወረቀት እሱ ይቀበልና ቁጥሩን እሱ ያንብብልሽ። ከፍም ይበል ዝቅ፣ ቀኑን ጽፋችሁ ደብተሩን ዝጉት። ማታ ስትመለሱ እጅጌሽን ሰብስቢ። ደረጃውን ስትወጡም እጅሽን ይያዝሽ። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ጎረቤት ሁሉ ያያችኋል።